የዶቃው ቁጥርና የታማሚው ዕጣ፤ ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በፊት የሚደረገው የአንቲቦዲ ምርመራ ሲመዘን

ኩላሊት ለመቀበል የታጨ ታማሚ የደም ናሙናው ተመርምሮ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ቁጥሩ በመቶኛ የተገለጸ ሊሆን ይችላል፤ በሺህ የሚቆጠር የብርሃን ልክም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ያንን ቁጥር ተመልክቶ «ይህ ሰው ከወንድሙ ኩላሊት መቀበል ይችላል» ወይም «አይችልም» ይላል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ለታማሚው በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ በእጥበት ማሽን መታሰርና አለመታሰር፣ ብዙ ጊዜም መኖርና አለመኖር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ ማወቅ ለላቦራቶሪ ባለሙያው ብቻ የሚተው አይደለም፤ ታማሚውን ወደ ንቅለ ተከላ ማዕከል የሚልከውን ሐኪምና በእጥበት ክፍል የሚንከባከበውን ነርስም ይመለከታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባለፉት ስድሳ ዓመታት ሥራ ላይ የዋሉትን ዘዴዎች ለመመዘን ነው።

እንደሚታወቀው የሰው ልጅ ሕዋሳት በላያቸው ላይ ኤች.ኤል.ኤ. የሚባሉ፣ በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ ባሉ ጂኖች የሚወሰኑ ፕሮቲኖችን ይሸከማሉ። የመጀመሪያው ክፍል፣ ማለትም ኤ፣ ቢ እና ሲ፣ ኒውክለስ ባላቸው ሕዋሳት ሁሉ ላይ ይገኛል ለማለት ይቻላል። ሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም ዲ.አር.፣ ዲ.ኪው. እና ዲ.ፒ.፣ በዋናነት በቢ ሊምፎሳይትና በመሰል የመከላከያ ሕዋሳት ላይ ይገኛል። አንድ ሰው ከራሱ የተለየ ኤች.ኤል.ኤ. የሚያጋጥመው በሦስት መንገድ ነው፤ በእርግዝና፣ በደም መውሰድና ቀደም ሲል በተደረገ ንቅለ ተከላ። በእነዚህ መንገዶች የነቃ የመከላከያ ሥርዓት አንቲቦዲ ያመርታል፤ አንቲቦዲው አዲስ በተተከለው ኩላሊት የደም ሥር ግድግዳ ላይ ያረፈ እንደሆነ ኮምፕሊመንትን ያስነሣል፣ ደሙንም ያረጋዋል። ቀዶ ሐኪሙ የደም ሥሩን ከፍቶ ኩላሊቱ ሲቀላ አይቶ ደስ ሳይለው፣ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ሲጠቁር ያያል።

ይህ አደጋ መንስኤው ሳይታወቅ በቆየበት ዘመን የመጀመሪያውን ግልጽ ምልክት የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1966 የዴንማርኩ ኪስማየር ኒልሰንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ኩላሊቱ ወዲያው የሞተባቸው ታማሚዎች በደማቸው ውስጥ የለጋሹን ሕዋሳት የሚያጠቃ አንቲቦዲ አስቀድሞ እንደነበራቸው አሳዩ። መሣሪያው ግን ከዚያ በፊት ተሠርቶ ነበር። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፖል ተራሳኪ ከማክሌላንድ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት ጽሑፍ የአንድ ማይክሮሊትር ጠብታ ሴረም ብቻ የሚፈልግ ምርመራ አስተዋወቁ። የለጋሹ ሊምፎሳይት በትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ ከተቀባዩ ሴረም ጋር ይደባለቃል፤ የጥንቸል ኮምፕሊመንት ይጨመርበታል፤ ከዚያም ቀለም ይደረግበታል። የሞተ ሕዋስ ቀለሙን ይጠጣል፣ በሕይወት ያለው ግን አይጠጣም። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ እያየ ከሞቱት መጠን በመነሣት ከ1 እስከ 8 ነጥብ ይሰጣል፤ 8 ማለት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕዋሳት ሞተዋል ማለት ነው። ቀላልነቱና ቆጣቢነቱ ምርመራውን በመላው ዓለም አሠራጨው። ተራሳኪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ገና በልጅነታቸው ከሌሎች የጃፓን ተወላጅ አሜሪካውያን ጋር በአሪዞና በረሃ ታግተው ያደጉ ሰው መሆናቸውን ማስታወስ ምናልባት ከጉዳዩ ውጭ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በጠብታ የሚሠራውን ሰው የአስተዳደግ ችግር ቁጠባ ሳያስተምረው አልቀረም ብሎ መገመት ይቻላል።

የእኚህ ሰው ስም ከሁሉ በላይ የሚነሣው ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ከፓቴል ጋር በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ባወጡት ጽሑፍ ነው። በ225 ንቅለ ተከላዎች ላይ የተደረገው ይህ ጥናት ክሮስማች ፖዘቲቭ ከነበሩት 30 ውስጥ 24ቱ ኩላሊቱን ወዲያው እንዳጡ፣ ኔጋቲቭ ከነበሩት 195 ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ውድቀት የገጠማቸው 8 ብቻ እንደሆኑ አሳየ። 80 በመቶና 4 በመቶ ሲነጻጸሩ ክርክር አያስፈልግም። ጸሐፊዎቹም የክሮስማች ውጤት ሳይታወቅ ኩላሊት መትከል ከሥነ ምግባር አንጻር ሊጠየቅበት እንደሚገባ አመለከቱ። ከዚያ ወዲህ ምርመራው በመላው ዓለም የግዴታ ያህል ሆነ፤ ወዲያው የሚከሰተው የኩላሊት ሞትም እጅግ ብርቅ ሆነ። በንቅለ ተከላ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ባለ ጥቂት ወጪ ይህን ያህል ነፍስ ያተረፈ የላቦራቶሪ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል።

ሆኖም ጽሑፉ እንደ ሕግ ሲነበብ ሁለት ነገሮች ተዘለሉ። የመጀመሪያው ፖዘቲቭ ሆነው ሳለ ኩላሊታቸው ወዲያው ያልሞተባቸው 6ቱ ታማሚዎች ናቸው። ከአምስት አንዱ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ቲ እና ቢ ሊምፎሳይትን ለይቶ መመርመር አልተጀመረም፤ ጎጂውን አይ.ጂ.ጂ. ብዙ ጊዜ ጉዳት ከሌለው አይ.ጂ.ኤም.፣ በራስ ሕዋስ ላይ የተነሣውን አንቲቦዲም በለጋሽ ላይ ከተነሣው መለየት አይቻልም ነበር። ስለዚህ «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ብዙ የማይመሳሰሉ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ያጨቀ ቃል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ኔጋቲቭ ሆነው ሳለ የወደቁት 8ቱ ናቸው። ከፊሎቹ በቀዶ ሕክምና ወይም በሌላ ምክንያት ወድቀው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ምርመራው የማያያቸው አንቲቦዲዎች መኖራቸውን ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት አረጋግጠዋል። ጥናቱ ወደ ኋላ ተመልሶ የተሠራ፣ የዚያን ዘመን መድኃኒትና የዚያን ዘመን ታማሚ የያዘ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

የቀጣዮቹ ሃያ ዓመታት ሥራ ባመዛኙ ያንን ከረጢት መፍታት ነበር። ሴረሙን ዲ.ቲ.ቲ. በሚባል ኬሚካል በማከም አይ.ጂ.ኤም.ን ማስወገድ ተቻለ። የተቀባዩን ሴረም ከራሱ ሕዋስ ጋር በማጋጠም በራስ ላይ የተነሣ አንቲቦዲ መኖሩን ማየት ተቻለ፤ ይህ በተለይ የሉፐስ ሕመምተኞችን ከአላስፈላጊ ክልከላ አድኗል። ፀረ ሂዩማን ግሎቡሊን በመጨመር ደካማ አንቲቦዲዎች እንዲታዩ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1983 ጋሮቮይና ባልደረቦቻቸው የፍሎው ሳይቶሜትሪን ክሮስማች አመጡ፤ ይህኛው ሕዋሱ መሞቱን ሳይሆን አንቲቦዲ በሕዋሱ ላይ ማረፉን ስለሚያይ ኮምፕሊመንት የማያስነሡትንም ዓይነቶች ይይዛል። ነገር ግን ስሜታዊነቱ በጨመረ መጠን ያለ ምክንያት የሚከለክላቸው ሰዎችም ጨመሩ። ሪቱክሲማብ የወሰደ ታማሚ ሴረም በቢ ሕዋስ ክሮስማች ላይ ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ይሰጣል፤ ይህን ያላወቀ ላቦራቶሪ መድኃኒቱን እንደ ጠላት አንቲቦዲ ቆጥሮ ሪፖርት ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ታማሚው የወሰደው መድኃኒት በምርመራ መጠየቂያው ላይ መጻፉ ትርፍ ሥራ አይደለም።

ከክሮስማች ጎን ለጎን የኖረው ሌላው መለኪያ ፒ.አር.ኤ. ነው። የታማሚው ሴረም ከብዙ ሰዎች ከተሰበሰቡ ሊምፎሳይቶች ጋር አንድ በአንድ ይፈተናል፤ ከመቶው ስንቱን እንደገደለ ይቆጠራል። 60 በመቶ ማለት በዚያ ፓነል ውስጥ ካሉ ሰዎች መካከል 60 በመቶ የሚሆኑት ለዚህ ታማሚ የማይስማሙ ናቸው ማለት ነው። ችግሩ «በዚያ ፓነል ውስጥ» የሚለው ሐረግ ከሪፖርቱ ላይ መጥፋቱ ነው። ያው ሴረም በሌላ ከተማ፣ ከሌላ ሕዝብ በተሰበሰበ ፓነል ላይ ቢፈተን 30 ወይም 80 ሊሆን ይችላል። መቶኛው የታማሚው ባሕርይ ተደርጎ ቢነበብም፣ በእውነቱ የታማሚውና የፓነሉ ግንኙነት ነው። ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች የተውጣጣ ፓነል ለአፍሪካዊ ታማሚ የሚሰጠው መቶኛ ታማሚው በአገሩ ከሚያገኛቸው ለጋሾች ጋር ያለውን ዕድል አይናገርም።

አሜሪካውያን ይህን ጉድለት ለማረም እ.ኤ.አ. በ2009 በኩላሊት ድልድላቸው ላይ የሚለካውን ፒ.አር.ኤ. ትተው የሚሰላውን ተከሉ። ላቦራቶሪው ታማሚው የትኞቹን አንቲጂኖች መቀበል እንደማይችል ይዘረዝራል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ እነዚያ አንቲጂኖች በአገሪቱ ለጋሾች መካከል ስንት እጅ እንደሚገኙ ያሰላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በሥራ ላይ የዋለው የድልድል ሥርዓት ለከፍተኛዎቹ መቶኛዎች ብዙ ተጨማሪ ነጥብ ሰጠ፤ ከዚህም የተነሣ ለዓመታት ማንም ያልደረሰላቸው ታማሚዎች ኩላሊት ማግኘት ጀመሩ። ይህ በእውነት የሚመሰገን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የመቶኛ ቁጥር ራሱ የሚደብቀው ነገር አለ። 99.5 በመቶና 99.99 በመቶ ሲጠጋጉ ሁለቱም 100 ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው ታማሚ ግን ከ200 ለጋሾች አንዱን፣ ሁለተኛው ከ10,000 አንዱን ይጠብቃል። በአንድ ስም የተጠሩ ሁለት ዕጣዎች ናቸው።

ወደ ዛሬው ዋና መሣሪያ ስንመጣ ከሕዋስ ወደ ዶቃ እንሸጋገራለን። እ.ኤ.አ. በ2003 ፔይና ባልደረቦቻቸው ያስተዋወቁት ዘዴ እያንዳንዱ ዶቃ አንድ ዓይነት የጠራ ኤች.ኤል.ኤ. ብቻ እንዲሸከም ያደርጋል። ዶቃዎቹ በውስጣቸው ባለው የቀለም ቅንብር ይለያሉ፤ አንዱ ሌዘር ዶቃው የትኛው እንደሆነ ሲለይ ሌላው በላዩ ላይ ያረፈውን የአንቲቦዲ ልክ በብርሃን ያነባል። በአንድ ጉድጓድ ውስጥ መቶ ያህል አንቲጂኖች በአንድ ጊዜ ይፈተናሉ። በቀደሙት ዘዴዎች ብዙ ቀን የሚፈጀውን፣ «አንቲቦዲው የተነሣው በማን ላይ ነው» የሚለውን ጥያቄ ይህ ዘዴ በሰዓታት ውስጥ ይመልሳል። የለጋሹ ኤች.ኤል.ኤ. ከታወቀ ሕዋሳቱን ሳይነኩ ክሮስማቹ ምን እንደሚሆን መገመትም ተቻለ። ከዚህ ወደ ኋላ መመለስ የሚፈልግ ባለሙያ የለም።

ትችቱ የሚጀምረው ውጤቱ ከሚገለጽበት ቁጥር፣ ኤም.ኤፍ.አይ. ከሚባለው ነው። ቁጥሩ የብርሃን ንባቦች ሚዲያን ሲሆን ብዙ ሪፖርቶችና አንዳንድ መጻሕፍት ሳይቀሩ አማካይ ብለው ይጠሩታል፤ ይህ ትንሽ ስሕተት ሊባል ይችላል። ትልቁ ስሕተት የብርሃኑን ልክ የአንቲቦዲ መጠን አድርጎ መውሰድ ነው። በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ምርመራው የተፈቀደው አለ ወይም የለም ብሎ ለመመለስ እንጂ ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ አይደለም። ሐኪሞች ግን በየዕለቱ «4,000 ነበረ፣ ወደ 2,000 ወረደ» እያሉ የሕክምና ውሳኔ ይሰጡበታል። ይህ ልማድ ለምን አደገኛ እንደሆነ ለመረዳት በዶቃው ላይ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ በየዶቃው ላይ ያለው የአንቲጂን ብዛት እኩል አይደለም። በዲ.ኪው. ዶቃ ላይ የተነበበ 5,000 እና በሲ ዶቃ ላይ የተነበበ 5,000 ተመሳሳይ የአንቲቦዲ መጠን አይደሉም። ከዚህም በላይ በኩላሊቱ ሕዋስ ላይ ኤች.ኤል.ኤ. ሲ ከኤ እና ከቢ ያነሰ ብዛት አለው፤ ስለዚህ ዶቃው ላይ ጮክ ብሎ የተሰማው በሕዋሱ ላይ ዝቅ ብሎ ሊሰማ ይችላል።

ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጉዳይ ተቃራኒው ነው። አብዛኛው የኤች.ኤል.ኤ. ቢ ዓይነት ቢ.ደብሊው 4 ወይም ቢ.ደብሊው 6 የሚባል የጋራ ምልክት ይሸከማል። ታማሚው በቢ.ደብሊው 6 ላይ አንቲቦዲ ቢኖረው ያ አንቲቦዲ በጉድጓዱ ውስጥ ባሉ በርካታ የቢ ዶቃዎች መካከል ይከፋፈላል፤ በእያንዳንዱ ላይ የሚነበበው ቁጥርም ያንሳል። አንድ እንጀራ ለአሥር ሰው ሲቆረስ ለእያንዳንዱ ቁራሽ ብቻ እንደሚደርሰው ነው። የለጋሹ ሕዋስ ግን እንጀራውን ብቻውን ይቀበላል። ላቦራቶሪው ከ2,000 በታች ያለውን ቁጥር እንደ ኔጋቲቭ የሚቆጥር ከሆነ በየዶቃው 1,500 የተነበበውን ሴረም ያሳልፈዋል፤ ክሮስማቹ ሲሠራ ግን ብርቱ ፖዘቲቭ ሆኖ ይገኛል። ዝርዝሩን ዶቃ በዶቃ ሳይሆን በአንድነት የሚያነብ፣ የጋራ ምልክቱን የሚያስተውል ዓይን እዚህ ላይ ከማሽኑ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ አንቲቦዲው እጅግ ሲበዛ ቁጥሩ ሊያንስ ይችላል። ይህ አንባቢውን ሊያስገርም ይችል ይሆናል። በዶቃው ላይ የተከማቸው አንቲቦዲ በታማሚው ሴረም ውስጥ ያለውን ኮምፕሊመንት ያስነሣል፤ የኮምፕሊመንት ክፍልፋዮች አንቲቦዲውን ይሸፍኑታል፤ ብርሃን ሰጪው ሁለተኛ አንቲቦዲም መያዣ ቦታ ያጣል። ከሁሉ ይልቅ የነቃው ታማሚ ያልነቃ መስሎ ይታያል ማለት ነው። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ሴረሙን በኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ማከም ወይም ማቅጠን ይበቃል። ነገር ግን ላቦራቶሪው ይህን ማድረጉ በሪፖርቱ ላይ ካልተገለጸ ዝቅተኛው ቁጥር በእርግጥ ዝቅተኛ ይሁን ወይም የተሸፈነ፣ ሐኪሙ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

አራተኛ፣ ፕሮቲኑ ከዶቃው ጋር ሲጣበቅ ከፊሉ ቅርፁን ያጣል። በሕይወት ባለ ሕዋስ ላይ የተሸሸገው ክፍል ይገለጣል፤ ታማሚውም በዚህ በተገለጠው ክፍል ላይ ጉዳት የሌለው አንቲቦዲ ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ተራሳኪ ራሳቸው የተሳተፉበት ጥናት በ424 ጤናማ ሜክሲኮአውያን ወንዶች ላይ ይህን ምርመራ ሲያደርግ፣ አርግዘው የማያውቁ፣ ደም ያልወሰዱና ንቅለ ተከላ ያልተደረገላቸው ሆነው ሳሉ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ አንቲቦዲ ተነበበ። አርግዞ የማያውቅ፣ ደም ያልወሰደ ወጣት ወንድ ፖዘቲቭ ሆኖ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ በታማሚው ላይ ሳይሆን በዶቃው ላይ ሊሆን የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

በእነዚህ ሁሉ ላይ ገበያው በጥቂት አምራቾች እጅ መሆኑና የአንዱ አምራች ዶቃ ቁጥር ከሌላው ጋር በቀጥታ የማይነጻጸር መሆኑ ይጨመራል። አንዱ ማዕከል 1,000ን፣ ሌላው 3,000ን፣ ሦስተኛው 5,000ን የወሰን መስመር ያደርጋል። ለዚህ ልዩነት የሚሰጠው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ልምድ ነው። ልምድ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን የአንዱን ማዕከል መስመር የራሱ መረጃ የሌለው ሌላ ማዕከል ሲዋሰው ልምድነቱ ይቀራል።

ታዲያ ዶቃው ብቻ ያየው፣ ክሮስማቹ ግን ያላየው አንቲቦዲ ጉዳት አለውን? መልሱ አለው የሚል ነው፤ ግን በልኩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሞሃንና ባልደረቦቻቸው ሰባት ጥናቶችን አቀናጅተው እንዳሳዩት የፍሎው ክሮስማቻቸው ኔጋቲቭ ሆኖ በዶቃ ምርመራ የለጋሹ አንቲቦዲ የተገኘባቸው ታማሚዎች በአንቲቦዲ ምክንያት ኩላሊቱን የመግፋት አደጋቸው እጥፍ ገደማ፣ ኩላሊቱን የማጣት አደጋቸው ደግሞ በ76 በመቶ የላቀ ነበር። ይህ ከፍ ያለ አደጋ ነው፤ የ1969ኙ ዓይነት ወዲያውኑ የሚገድል አደጋ ግን አይደለም። ሁለቱን በአንድ «ፖዘቲቭ» ቃል መጥራት የ1969ኙን ከረጢት መልሶ መስፋት ይሆናል።

ፓሪስ ላይ ሉፒና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ጥናት ሌላ መለያ አቀረበ። ከንቅለ ተከላ በኋላ ሲ 1 ኪው የሚባለውን የኮምፕሊመንት ክፍል የሚይዝ አንቲቦዲ የተገኘባቸው ታማሚዎች በአምስት ዓመት ኩላሊታቸው የቆየላቸው 54 በመቶ ሲሆኑ፣ አንቲቦዲው ሲ 1 ኪው የማይዝ ከሆነ 93 በመቶ፣ አንቲቦዲ ከሌለ ደግሞ 94 በመቶ ነበሩ። ቁጥሮቹ እጅግ የሚማርኩ በመሆናቸው ብዙዎች መፍትሔው ተገኘ ብለው ነበር። ነገር ግን ሲ 1 ኪው የሚይዘው ባመዛኙ መጠኑ የበዛው አንቲቦዲ ነው፤ ያው ሴረም ሲቀጥን መያዙን ይተዋል። ስለዚህ አዲሱ ምርመራ አዲስ ባሕርይ ከማሳየት ይልቅ ኤም.ኤፍ.አይ. በትክክል ያልለካውን መጠን በሌላ መንገድ እየለካ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ሴረሙን ደረጃ በደረጃ አቅጥኖ መመርመር፣ ማለትም ከመቶ ዓመት በላይ የሚታወቀው የታይተር ሥራ፣ በአነስተኛ ወጪ የተቀራረበ መልስ ይሰጣል።

አንቲቦዲ መኖሩ የመጨረሻ ክልከላ ነው የሚለውን አስተሳሰብ የፈተኑት ደግሞ በሕይወት ካለ ለጋሽ የማይስማማ ኩላሊት የተቀበሉትን የተከታተሉ ጥናቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦራንዲና ባልደረቦቻቸው ከ22 የአሜሪካ ማዕከላት ባሰባሰቡት መረጃ እንዲህ ካሉት 1,025 ታማሚዎች በስምንት ዓመት 76.5 በመቶ በሕይወት ሲቆዩ፣ በተጠባባቂነት ቆይተው ከሞተ ሰው ኩላሊት ካገኙትና ካላገኙት ተመሳሳይ ታማሚዎች 62.9 በመቶ፣ ምንም ካላገኙት 43.9 በመቶ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት በብሪታንያ የተሠራው ጥናት ግን እንዲህ ያለ የዕድሜ ብልጫ አላገኘም። ልዩነቱ ብዙ አከራክሯል፤ አንዱ አሳማኝ ማብራሪያ በብሪታንያ በእጥበት የሚቆየው ታማሚ የተሻለ ዕድሜ አለው የሚለው ነው። እንግዲህ የአንድ አንቲቦዲ አደገኝነት የሚለካው ከአንቲቦዲው ብቻ ሳይሆን ታማሚው ባይተከልለት ከሚጠብቀው ነገር ጋር ተነጻጽሮ ነው። እጥበት በሚቋረጥበት፣ ዋጋውም ቤተሰብን በሚያራቁትበት አገር ይህ ሚዛን ከብሪታንያ ይልቅ ወዴት እንደሚያዘነብል መገመት አያስቸግርም፤ በሌላ በኩል እንዲህ ያለው ንቅለ ተከላ የሚጠይቀው ፕላዝማ ማጣሪያና ውድ መድኃኒት በዚያው አገር በቀላሉ አይገኝም።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ሥራ ሲጀምር የተመሠረተው በሕይወት ባሉ ዘመዶች ልገሳ ላይ ነው። ይህ አንድ እውነታ ከላይ የተዘረዘሩትን ዘዴዎች ቅደም ተከተል ይለውጣል። በአሜሪካና በአውሮፓ የመቶኛው ቁጥር የሚያስፈልገው ለጋሹ ገና ስላልታወቀና ታማሚው ከሺዎች ጋር ስለሚሰለፍ ነው። ለጋሹ ወንድም ሆኖ ከታማሚው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ግን ታማሚው ለሕዝቡ ምን ያህል ይስማማል የሚለው ጥያቄ ትርጉሙን ያጣል። ኤች.ኤል.ኤ.ያቸው ፍጹም አንድ የሆነ ወንድማማቾች፣ ዕድሉም ከአራት አንድ ነው፣ የታማሚው ፒ.አር.ኤ. 95 በመቶ ቢሆን እንኳ ያ አንቲቦዲ በወንድሙ ኤች.ኤል.ኤ. ላይ ሊነሣ አይችልም፤ የራሱ ነውና። በከፍተኛ መቶኛ ብቻ ተስፋ እንዲቆርጥ የተነገረው እንዲህ ያለ ታማሚ ቢኖር የተጎዳው በአንቲቦዲው ሳይሆን በቁጥሩ አነባበብ ነው።

ተቃራኒውም እንዲሁ ነው። ባሏ ኩላሊት ሊሰጣት የቀረበች የስድስት ልጆች እናት ጠቅላላ ፒ.አር.ኤ. 15 በመቶ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያ 15 በመቶ ግን በእርግዝና ያገኘችውና በትክክል በባሏ ላይ ያነጣጠረ ሊሆን ይችላል። ጤና ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት ደግሞ የልጇ ጉዳይ ነው። ልጅ ግማሽ ኤች.ኤል.ኤ.ውን ከአባቱ ይወርሳል፤ ስለዚህ እናት በገዛ ልጇ ሕዋስ ላይ አንቲቦዲ ይዛ ልትገኝ ትችላለች። «ልጇ ነው፣ ሥጋዋ ነው፣ ይስማማል» የሚለው የቤተሰብ ግምት ልብ የሚነካ ቢሆንም ለወለደች እናት ከወንድሟ ይልቅ ልጇ አደገኛ ለጋሽ ሊሆን ይችላል። ውርጃም እንደ ወሊድ ተቆጥሮ በታሪኳ ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ሳትጠየቅ የማትናገረው ብዙ ጊዜ ይህን ነውና።

በዚህ ምክንያት ለጋሹ በታወቀበት መርሐ ግብር ዋናው ምርመራ በለጋሹ ሕዋስ ላይ የሚሠራው ክሮስማች ነው፤ ዶቃው የክሮስማቹን ምክንያት የሚያብራራ ረዳት ይሆናል። አሠራሩ ግን ወደ ተቃራኒው ይስባል። ሴረም በረዶ ሆኖ ለወራት ይቆያል፣ በአውሮፕላን ተጭኖ የትም ይደርሳል፤ ሊምፎሳይት ግን በሕይወት መድረስ አለበት፣ ለዚያም ያለው ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ነው። የራሱ የክሮስማች ላቦራቶሪ የሌለው ማዕከል የሚቀናው ሴረሙን ልኮ የዶቃውን ቁጥር መቀበል ነው። ያ ቁጥር ደግሞ ሌላ ጉድለት ይዞ ይመጣል፤ ዶቃዎቹ የተመረጡት በብዛት በአምራቹ አገር ሕዝብ መካከል በሚገኙት የኤች.ኤል.ኤ. ዓይነቶች መሠረት ሲሆን በአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ የሚገኙ ብዙ ዓይነቶች በዶቃዎቹ መካከል የሉም። ለጋሹ ከእነዚህ አንዱን ከያዘ በዚያ ላይ የተነሣውን አንቲቦዲ የሚያሳይ ዶቃ የለም፤ የለጋሹ ሕዋስ ግን ያሳየዋል። ውድ ከሆነው የዶቃ ማሽን በፊት ሊምፎሳይት ለይቶ በሥርዓት የሚመረምር፣ ዲ.ቲ.ቲ.ንና የራስ ክሮስማችን የሚጨምር ባለሙያ ማሠልጠን ይቀድማል የሚባለውም ለዚህ ነው። ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ሴረሙን ወደ ውጭ ልኮ ማጣራት ይቻላል፤ የተላከው ሴረም ግን መቼ እንደተቀዳ መታወቅ አለበት።

ቀኑ የሚያስፈልገው አንቲቦዲ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ነው። ደም ከተወሰደ በኋላ አንቲቦዲው የሚታየው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመሆኑ ከደሙ በማግሥቱ የተቀዳ ናሙና ስለዚያ ደም ምንም አይናገርም። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አንቲቦዲው ከደም ውስጥ ጠፍቶ ትውስታው በሕዋሳት ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ የተቀዳ ሴረም ኔጋቲቭ ቢሆንም የታማሚው ታሪክ ፖዘቲቭ ነው። ኤሪትሮፖይቲን ተወድዶ ወይም ጠፍቶ በእጥበት ክፍል ለደም ማነስ ደም ሲሰጥ ይህ በየጊዜው ይደገማል፤ ነጭ ሕዋሱ የተጣራለት ደም አደጋውን ቢቀንስም አያጠፋውም። ከናሙናው ጋር የሚላከው ወረቀት የእርግዝናና የውርጃ ብዛት፣ እያንዳንዱ ደም የተሰጠበት ቀን፣ የቀድሞ ንቅለ ተከላና ሪቱክሲማብን የመሰለ መድኃኒት የሚጻፍበት ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ከላቦራቶሪው የሚመለሰው ወረቀት ደግሞ ሴረሙ በኢ.ዲ.ቲ.ኤ. መታከሙን ወይም መቅጠኑን፣ የየትኛው አምራች ዶቃ እንደሆነና የወሰን መስመሩ ስንት እንደሆነ መግለጽ አለበት። ናሙናው ከተቀዳ በኋላና ከቀዶ ሕክምናው በፊት ታማሚው ደም ከወሰደ፣ ቀዶ ሕክምናው ተራዝሞ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ በሚቀዳ አዲስ ሴረም ክሮስማቹ እንደገና መሠራት አለበት።